ፊት የማይሸፍን ጭምብል

ሚንስኮፍ ቲያትር ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሮድዌይ ከ45ኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ተመልካቹ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ይወጣል። እየወጣን ሳለ የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ አንበሳው የእውነት ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ሰው ነው» አልኳት። የመለስኩላት መስሎኝ ነበር።

መብራቱ ጠፋ። አንዲት ሴት በዙሉ ቋንቋ ተጣራች፤ ከሌላ ጥግ ሌላ ድምፅ መለሰላት። ከመድረኩ ወለል ላይ ከሐር ጥብጣብ የተሠራች ፀሐይ ቀስ እያለች ተነሳች፤ ጥብጣቡ ይርገበገባል፣ የቆላ ቀትር ይመስላል። ከዚያ ቀጭኔዎቹ ገቡ። ቁመታቸው 14 ጫማ ነው፣ ከአራት ሜትር ይበልጣል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ተዋናይ አለ፤ በእግሮቹም በእጆቹም ምርኩዝ ተክሎ፣ በአራት እግር ይራመዳል። ቀጭኔውን «ለመልበስ» መሰላል መውጣት አለበት። ከኋላችን ደግሞ በመቀመጫዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ዝሆን መጣች። አራት እግሮቿ ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። ከመቀመጫችን አጠገብ ስታልፍ የአንደኛውን ትንፋሽ ሰማሁ። ልጅቷ ክርኔን ይዛ፣ «የቱን ልይ?» አለች። እንስሳውን ነው ወይስ ሰውዬውን ማለቷ ነው።

ስላየነው ትርኢት፣ ስለ «ዘ ላየን ኪንግ»፣ ከተጻፈው ብዙ ነገር ውስጥ እንደዚህች ጥያቄ ነገሩን የሚነካ ያገኘሁት ጥቂት ነው።

ታሪኩን የማያውቅ ስለሌለ አልደግመውም፤ የንጉሥ ቤት ነው፣ አባት ሙፋሳ፣ አልጋ ወራሽ ሲምባ፣ ዙፋን የቋመጠ አጎት ስካር። የዲዝኒ ካርቱን ሆኖ በ1994 ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለመድረክ ያዘጋጀችው ጁሊ ቴይሞር ናት፤ በ1997 መጀመሪያ ሚኒያፖሊስ፣ ከዚያ ብሮድዌይ ተከፈተ። አሁን ወዳለበት ሚንስኮፍ የተዛወረው በ2006 ነው። ቴይሞር በወጣትነቷ ኢንዶኔዥያ ኖራ የጥላና የአሻንጉሊት ቲያትር የተማረች፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ይልቅ በትናንሽ መድረኮች የሠራች ሴት ነበረች። በ1998 በሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጅነት የቶኒን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያው ሌሊት በልብስ ንድፍም ተሸለመች።

አማርኛችን ሰው የአውሬ ቆዳ የሚለብስበትን ሁለት ምክንያት ያውቃል። አንዱ ለመደበቅ ነው። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ስንል ለምዱ ውሸት ነው፤ እውነቱ ከሥሩ ተሸሽጓል። ሌላው ለክብር ነው። የድሮ ጀግና አንበሳ ሲጥል ጎፈሩን ራሱ ላይ ያደርግ ነበር። ጎፈሩ ከግንባሩ በላይ ተበትኖ ይቆማል፤ ከሥሩ የሰውዬው ፊት፣ ጢሙ፣ ጠባሳው ሳይቀር ይታያል። ያየው ሁሉ «አንበሳ መጣ» አይልም፤ «እገሌ መጣ» ይላል፣ ግን በሌላ ድምፅ ይለዋል። የቴይሞር ጭምብሎች ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ፊት ላይ አይደሉም፤ ከፊት በላይ ናቸው። እሷ ነገሩን «ድርብ ክስተት» ትለዋለች። ተመልካቹ እንስሳውንም ሰውንም በአንድ ዓይን እንዲያይ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው ማለት ነው።

የሙፋሳን ጭምብል ቀረብ ብላችሁ እዩት። ክብ ነው፤ ጎፈሩ እንደ ጮራ ዙሪያውን ይፈነጥቃል፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ከዚያ ወደ ስካር ዙሩ። የእሱ ፊት አጥንት ነው፣ አንዱ ቅንድብ ከሌላው በላይ ተሰቅሏል፣ ሚዛን የሚባል ነገር የለውም። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ገና ሲገቡ ማንኛው ጠማማ እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ጠማማ» የሚለውን ቃል አማርኛ ለቅርፅም ለጠባይም መጠቀሙ እዚህ ጋ በጣም ያመቻል። ቅርፃ ቅርፁን የሠራው እጅ የሚያውቀውም ይህንኑ ነው።

ክብደታቸውን ስሰማ አላመንኩም ነበር። ከሩቅ ስታዩዋቸው ከዋርካ እንጨት የተጠረቡ ይመስላሉ። የሙፋሳ ጭምብል ግን 11 አውንስ ብቻ ነው፣ 312 ግራም አካባቢ፤ ውሃ ከተሞላ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያንሳል። የስካር 9 አውንስ፣ የንግሥቲቱ የሳራቢ 4 አውንስ። ምስጢሩ ካርቦን ፋይበር ነው፣ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራበት። መጀመሪያ ቅርፁ በጭቃ ይሠራል፣ በሲሊኮን ጎማ ሻጋታው ይወሰዳል፣ ከዚያ ቀላሉ ቁስ ይለበጥበታል፤ በመጨረሻ እንጨት እስኪመስል ይቀባል። ይህን የአሠራር ብልሃት ከቴይሞር ጋር ያወጣው የኦሪገን ሰው ማይክል ከሪ ነው። ለመጀመሪያው ትርኢት ጭምብሎቹንና አሻንጉሊቶቹን ለመሥራት 17,000 ሰዓት ወስዷል። አንድ ሰው ብቻውን በቀን 8 ሰዓት፣ እሑድም በዓልም ሳይል ቢሠራ ወደ ስድስት ዓመት ሊፈጅበት ነው።

ቅለቱ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባችሁ ሲንቀሳቀሱ ነው። ሙፋሳና ስካር እያንዳንዳቸው ሁለት ጭምብል አላቸው፤ አንዱ እንደ ዘውድ ራስ ላይ ጸንቶ የሚቀመጥ፣ ሌላው የሚንቀሳቀስ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተጋፍጠው ስካር ጎንበስ ሲል ጭምብሉ ከራሱ በላይ ተነስቶ ወደ ፊት ይመጣና ፊቱ ላይ ይወርዳል። ሰውዬው ጠፍቶ አንበሳው ብቻ ይቀራል። ቀና ሲል ጭምብሉ ይመለሳል፣ ሰውዬው ዳግም ይታያል። ሲቆጣ አውሬ ይሆናል፣ ሲያስብ ሰው ይሆናል። ይህ ሁሉ በንግግር ውስጥ የለም፤ በአንገትና በወገብ ብቻ የሚነገር ነው።

እዚህ ላይ ነው ሙያው ከውክልና ጥያቄ ጋር የሚገናኘው። በካርቱኑ ውስጥ የሙፋሳ ድምፅ የጄምስ ኧርል ጆንስ ነበር፣ የሳራቢ የማጅ ሲንክሌር፤ ሁለቱም ጥቁሮች። ልጃቸው ሲምባ ሲያድግ ግን ድምፁ የማቲው ብሮደሪክ ሆነ፣ ነጭ ነው። ማንም ግራ አልተጋባም፤ ሥዕሉ ሁሉን ሸፍኖታል። አፍሪካ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ አንድም የአፍሪካ ሰው ፊት ሳይታይበት ዓለምን ዞረ። ቴይሞር ጭምብሉን ከፊት ላይ ወደ ላይ ስታነሳው፣ ከሥሩ የማን ፊት ይኖራል የሚለው ጥያቄ ሊሸሹት የማይቻል ሆነ። መልሱም ጥቁር ንጉሥ፣ ጥቁር ንግሥት፣ ጥቁር ወራሽ ነበር፤ የመጀመሪያው ሙፋሳ ሳሙኤል ራይት፣ የሲምባ እጮኛ የናላ የመጀመሪያዋ ተዋናይ የትሪኒዳድ ተወላጇ ሄዘር ሄድሊ። በብሮድዌይ ታላቅ መድረክ፣ በቤተሰብ ትርኢት ላይ፣ አፍሪካዊ ቤተ መንግሥት እንዲህ በግላጭ የታየበት ጊዜ ብዙ አልነበረም። ጭምብሉን ፊት ላይ አድርገውት ቢሆን ኖሮ እነዚያው ተዋንያን ቢጫወቱም አናያቸውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልታዘብ አላልፍም። በመጀመሪያው ቡድን ስካርን የተጫወተው ጆን ቪከሪ ነጭ ነበር፤ ዛዙና የሲምባ ቀልደኛ ጓደኞች ቲሞንና ፑምባም እንዲሁ። ንጉሡ ጥቁር፣ ወንድሙ ነጭ። መድረኩ ላይ ይህን የሚያብራራ አንድ ቃል የለም፣ ተመልካቹም አይጠይቅም። ጭምብሉ ያዛምዳቸዋልና። ይህን እንደ ድል ልቁጠረው ወይስ እንደ ማምለጫ፣ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። የዛዙ ነገር ግን ያስቀኛል። ዛዙ የእርኩም ዘመድ የሆነ ወፍ ነው፣ የቤተ መንግሥቱ አጋፋሪ። ተዋናዩ የእንግሊዝ ክብ ባርኔጣና ጭራ ያለው ኮት ለብሶ ወፏን በእጁ ያንቀሳቅሳታል። በአፍሪካ ንጉሥ ፊት እጅ የሚነሳ፣ የሚጨነቅ፣ የሚንጰረጰር እንግሊዛዊ! ታሪክን ገልብጦ የሚያሳይ ቀልድ ነው፤ ከጽሑፉ ይልቅ በልብሱ ስፌት ውስጥ የተቀመጠ።

ጅቦቹ ሌላ ናቸው። የጅቡ ራስ ተዋናዩ ደረት ላይ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ በእጅ ይንቀሳቀሳል፤ የተዋናዩ የራሱ ራስ ከኋላ ሲታይ የጅቡን ጉብታ ትከሻ ይሆናል። ከሰው አካል የጅብን አረማመድ በዚህ መንገድ ለማውጣት ተራ ዓይን አይበቃም። ጅብ ግን በዚህ ታሪክ ተበድሏል። የሐረርን ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ያየ ሰው ይህን ሁሉ ክፋት በቀላሉ አይቀበልም።

ከሁሉ ዓይኔን የያዘችው አቦሸማኔዋ ናት። እንዲያው ለጥቂት ደቂቃ ነው የምትታየው፣ ታሪኩ ውስጥ ምንም ሥራ የላትም። የአሻንጉሊቷ አካል ከተዋናይቷ ወገብ ጋር ተያይዟል፤ ፊተኛ እግሮቿ በተዋናይቷ እጆች ይሄዳሉ፣ ኋለኛ እግሮቿ የተዋናይቷ የራሷ እግሮች ናቸው። ሴትዮዋ አንገቷን ስታዞር የአቦሸማኔዋ አንገት ይዞራል። መሃል ላይ ቆም ብላ መዳፏን ላሰች። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዘንጉንና ማያያዣውን እያየ፣ እንስሳ ራሷን ስታጸዳ ያየ ያህል ዝም አለ። የጥልፉን ጀርባ እያሳዩህ ጥልፉ እንዲያምርህ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ሚዳቋዎቹም እንዲሁ፤ አንድ ተወዛዋዥ አንዷን በራሱ፣ ሁለቱን በሁለት እጆቹ ይዞ ሲዘል የሚዘለው መንጋ ነው። ሣሩ ራሱ ሰው ነው፤ ተወዛዋዦች ሣር የተተከለበት ጠፍጣፋ ነገር በራሳቸው ተሸክመው ሲነሱ ሜዳው ያድጋል። ለአገሩም፣ ለመሬቱም ፊት ተሰጥቶታል ማለት ነው።

ስለ ቲሞንና ፑምባ ቀልዶች ብዙ አልልም። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔ ሰዓቴን አየሁ። የቲሞን አሻንጉሊት 15 ፓውንድ፣ ሰባት ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን ካወቅሁ ወዲህ ግን ተሸካሚውን አከብረዋለሁ።

የታሪኩ ጠቢብ ዝንጀሮ ራፊኪ በካርቱኑ ወንድ ነበር። ቴይሞር ታሪኩ ውስጥ ጠንካራ ሴት እንደሌለች አይታ ሴት አደረገችው፤ የደቡብ አፍሪካ ሳንጎማ፣ እኛ አዋቂ የምንላት ዓይነት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው ፂዲ ሌ ሎካ ናት። ትርኢቱን የምትከፍተው ድምፅ የእሷ ናት፤ ወራሹን ቀብታ ለሕዝብ የምታሳየውም እሷ ናት። ወንድ ሆኖ አስቂኝ ሽማግሌ ዝንጀሮ የነበረው፣ ሴት ሲሆን ንጉሥ የሚነግሥበት ሥልጣን ሆነ። ሴት አንበሶቹም ከመንጋነት ወጥተዋል። ጃማይካ የተወለደው ጋርዝ ፋጋን ባሰናዳው የአደን ውዝዋዜ ደረታቸው በዶቃ ሥራ ታጥቆ፣ ጭምብላቸው ከግንባራቸው በላይ፣ ዝግ ብለው እንደ አንድ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። ንጉሡ ሲሞት ደግሞ ያንን የማልረሳውን ያደርጋሉ። ከጭምብሎቹ ዓይን ረጃጅም ነጭ ጥብጣብ እየሳቡ ያወጣሉ። እንባ ነው። ጥብጣብ መሆኑን አንድም ሰው አይጠራጠርም፤ አጠገቤ ያሉ አንዲት ባልቴት ግን መሐረብ አወጡ። ድርቅ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ወለሉ ላይ የተዘረጋ ክብ ሰማያዊ ሐር በመሃሉ ባለ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ኩሬው እየጠበበ ሄዶ ይጠፋል። ድርቅን በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ አይተናል፤ እንዲህ ባለ ጸጥታ ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ድምፁ። መጀመሪያ የሰማነው ጥሪ የሌቦ ኤም ሥራ ነው። በ1964 ሶዌቶ ተወልዶ፣ በ1979 ገና ልጅ ሳለ አገሩን ለቆ የተሰደደ ሰው ነው። በመድረኩ ሥሪት ውስጥ ከኤልተን ጆንና ከቲም ራይስ ዘፈኖች ጎን የመዘምራኑን ድምፅ ያመጣው እሱ ነው፤ ዙሉ፣ ኮሳ፣ ሶቶ፣ ትስዋና፣ ስዋሂሊና የኮንጎ ቋንቋ ይሰማሉ። ትርጉም በጽሑፍ አይሰጥም። ብዙው ተመልካች አይገባውም። እኔም አይገባኝም። በጥሪው ውስጥ ያለውን አንድ ቃል ግን ትርጉሙን ጠይቄ ደርሼበታለሁ፤ ኢንጎንያማ። አንበሳ ማለት ነው፣ የዙሉ ንጉሥም በማዕረግ የሚጠራበት ስም ነው። ሞዓ አንበሳን በማኅተምና በሰንደቅ ላይ እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም። ኒው ዮርካዊው አንበሳ ነገሠ የሚል ተረት ያያል፤ ዙሉውና እኔ ግን ንጉሥ አንበሳ የተባለበትን አሮጌ ልማድ እናያለን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰሎሞን ሊንዳን አለማንሳት ይከብደኛል። በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ «ምቡቤ»ን ቀድቶ ያወጣ የዙሉ ዘፋኝ ነው፤ ምቡቤም አንበሳ ማለት ነው። ዜማው በሌሎች እጅ ዓለም አቀፍ ሆነ፤ ካርቱኑ ውስጥ ቲሞንና ፑምባ ያንጎራጉሩታል። ሊንዳ ግን በ1962 በድህነት ሞተ። ወራሾቹ በ2004 ዲዝኒን ከሰው ጉዳዩ በ2006 በስምምነት አለቀ። ውክልና ፊትን ማሳየት ብቻ አይደለም፤ ስምንና ገንዘብንም ይጨምራል። ጭምብሉ እዚያ ላይ ግን ፊቱን ሸፍኖ ቆይቷል።

«የትኛዋ አፍሪካ ናት?» የሚሉም አሉ። ትክክል ናቸው። ዶቃው ከአንድ ቦታ፣ ቅርፁ ከሌላ፣ ዘፈኑ ከደቡብ፣ የእንስሳቱ ስም ከምሥራቅ ነው፤ አሻንጉሊቱን የማንቀሳቀሱ ብልሃት ደግሞ ከጃፓንና ከኢንዶኔዥያ። ካርታ ላይ የማትገኝ አፍሪካ ናት። ስም ያላት አገር ብትሆን እመርጥ ነበር። ነገር ግን ትርኢቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ፊት ሲዞር ደቡብ አፍሪካውያን ዘፋኞችን ይዞ ነው የዞረው፤ በ2007 ደግሞ ጆሃንስበርግ ገብቶ ቋንቋው በሚገባቸው ተመልካቾች ፊት ቆሟል። እዚያ አዳራሽ ብቀመጥ ደስ ባለኝ፤ ጥሪው ሲሰማ ሰው የሚስቅበትና የሚጮህበት ቦታ ከኒው ዮርክ የተለየ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ወደ መጨረሻው ግድም ሙፋሳ ለልጁ በከዋክብት መካከል ይታያል። ግዙፍ ፊቱ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፤ ጨለማ ውስጥ ሰዎች ቁራጮቹን በዘንግ ይዘው ይንሳፈፋሉ፣ ግንባሩ ከአንድ ወገን፣ አገጩ ከሌላ፣ ከዚያ በአንድ ቅጽበት ይገጥማሉ። የሞተ አባት የሚታወሰው እንዲህ ተቆራርጦ አይደል?

እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ቀደም ብሎ ያለውን ትዕይንት ነው። ልጁ ከጅቦች ተርፎ፣ አጥፍቶ፣ አባቱን ፈርቶ ቆሟል። ሙፋሳ ሊገስጸው ሲጀምር ንጉሥ ነው፤ ጭምብሉ ከራሱ በላይ ቆሟል። ከዚያ ሁለት እጆቹን አንስቶ ጭምብሉን አወለቀው። 312 ግራም፤ እሱ ሲያወርደው ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ። ላብ ያረጠበው ጥቁር ግንባሩ መብራቱ ስር አበራ። አጎንብሶ ስለ ቀደምት ነገሥታት ለልጁ የነገረው ያለ ጭምብሉ ነው። የእህቴ ልጅ ወንበሯ ላይ ዝቅ ብላ አንድ ነገር ብቻ ታይ ነበር። «የቱን ልይ» አላለችም።

ሲያልቅ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተን በተንቀሳቃሽ ደረጃው ስንወርድ ዝም ብላ ቆየች። ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ ወደ ላይ ዞራ ተመለከተች።

«አጎቴ» አለች፣ «ዝሆኗን በየት በኩል አወጧት?»